«ይገባው ነበር?»፦ የአመዛዛኝ ድርሰት ትምህርት ከሬስሊንግ መድረክ

ተማሪዎቻችን አመዛዛኝ ድርሰት እንዲጽፉ ስናዝዝ በየደብተሩ የምናገኛት አንዲት ቃል አለች፤ «ይገባዋል» የምትል። እገሌ ዋንጫው ይገባዋል፣ እገሊት ሽልማቱ ይገባታል፣ ያኛው ተጫዋች ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጥ አይገባውም። ቃሏ ስትጻፍ ቀላል ናት። ከኋላዋ ግን ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የሚሰጠው ማን ነው? ለሌሎቹስ የተሰጣቸው በምን መለኪያ ነው? እነዚህን ሳይመልስ «ይገባዋል» የሚል ጸሐፊ ምኞቱን ነገረን እንጂ አላመዛዘነም።

ይህን ለማሳየት ዘንድሮ የመረጥነው ምሳሌ ከሬስሊንግ ዓለም ነው። አንዳንድ ወላጆች ይገረሙ ይሆናል። ልጆቻችን ግን በየቤቱ በሳተላይት የሚያዩትና በእረፍት ሰዓት የሚከራከሩበት ነገር ስለሆነ በሚያውቁት መጀመር ይሻላል ብለናል። (ዴስክ ላይ ወጥቶ ጓደኛ ላይ መዝለል ዛሬም እንደተከለከለ ነው።)

ሰውየው ሲልቬስተር ሪተር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና፣ ዌድስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ በፌየትቪል ስቴት ዩኒቨርሲቲም የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቷል። ዓለም የሚያውቀው በመድረክ ስሙ በጃንክያርድ ዶግ ነው። ትርጉሙ በእኛ አነጋገር «የቆራሌው ግቢ ውሻ» እንደ ማለት ነው፤ የአሮጌ ብረታ ብረት ግቢ የሚጠብቅ፣ ማንንም የማያስጠጋ ውሻ። ለእኛ ጆሮ ሰውን ውሻ ማለት ስድብ ነው። እዚያ ግን ስሙ የመጣው ከአንድ የታወቀ ዘፈን ሲሆን ሕዝቡም በፍቅር ይጠራበት ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ዕቃ የተጫነ የእጅ ጋሪ እየገፋ ነበር ወደ ሪንጉ የሚወጣው።

ከመቀጠላችን በፊት በአንድ ነገር እንስማማ። የአሜሪካ ሙያዊ ሬስሊንግ ውጤቱ አስቀድሞ የሚወሰን ትርኢት ነው። መውደቁና መመታቱ ሰውነትን የሚጎዳ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ ግን የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ስለዚህ ቀበቶ መስጠት በቲያትር ቤት ዋናውን ገጸ ባሕርይ ለአንድ ተዋናይ እንደ መስጠት ነው። ክርክራችንም «ማን ይበልጥ ጠንካራ ነበር?» አይደለም፤ «ዋናውን ቦታ ለማን መስጠት ነበረባቸው?» ነው።

ጃንክያርድ ዶግ የገነነው በኒው ኦርሊየንስ ነው። ቢል ዋትስ የተባለ የቀድሞ ታጋይ ሚድ ሳውዝ የሚባል ድርጅት ነበረው፤ ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን የመሳሰሉ የደቡብ ግዛቶችን ያዳርስ ነበር። የዘር መለያየት ሕግ ከተሻረ ገና ሃያ ዓመት ባልሞላበት በዚያ አገር አንድን ጥቁር ሰው የድርጅቱ ዋና ጀግና ማድረግ ያልተለመደ ነበር። ዋትስ አደረገው፤ አዳራሹም ሞላ።

እ.ኤ.አ. በ1980 የተሠራው ታሪክ እስካሁን ይነገራል። ፍሪበርድስ የሚባሉ ሦስት ነጮች፣ ልጆቻችን በፊልም ቋንቋቸው «ቦሶቹ» የሚሏቸው፣ የፀጉር ማርገፊያ ቅባት ዓይኑ ውስጥ ጨምረው አሳወሩት ተባለ። በዚያው ሰሞን ሪተር ሴት ልጅ ተወልዳለት ነበርና ታሪኩ «አባት ልጁን ማየት አልቻለም» ወደሚል ዞረ። ሕዝቡ አለቀሰ። በነሐሴ ወር በሱፐርዶም ስታዲየም፣ በብረት አጥር ውስጥ፣ ጃንክያርድ ዶግና ማይክል ሄይስ አንገት ለአንገት በሰንሰለት ታስረው ተገናኙ። ዕውር ሰው ባላጋራውን ፈልጎ ማግኘት ስለማይችል ሰንሰለቱ ያገናኛቸዋል ማለት ነው። ተመልካቹ ከሃያ ሺህ በላይ ነበር።

እዚህ ላይ አስተማሪ የሆነ ሰው ቆም ማለት አለበት። ጃንክያርድ ዶግ በሪንግ ውስጥ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። በአራት እግሩ እየዳኸ በግንባሩ ይመታል፤ ባላጋራውን አንሥቶ ወለል ላይ ይጥላል፤ ከዚያ ይጨፍራል። ረጅም ግጥሚያ አይችልም፤ ትንፋሹ ያጥረዋል። ዋትስ ይህን ያውቅ ነበርና ግጥሚያዎቹን አሳጠረለት። ሰንሰለቱንም እንዲሁ ተመልከቱት፤ የታሰረ ሰው ብዙ ዓይነት ስልት እንዲያሳይ ማንም አይጠብቅም። በጣም የተካነ ባላጋራም ያቆምለት ነበር። ከእነዚህ አንዱ ቴድ ዲቢያሲ ነው፤ ወዳጁ ሆኖ ቆይቶ በ1982 ከዳው፤ ጓንቱ ውስጥ ከባድ ነገር ደብቆ መታው። አንድ ጊዜም ጃንክያርድ ዶግ ተሸንፎ አገር እንዲለቅ ሲፈረድበት «ስታገር ሊ» የሚባል ጭምብል ያጠለቀ ሰው መጣ። አረማመዱም ሆነ ጭፈራው ያው ነበር። ከሕጻን እስከ ሽማግሌ ማን እንደሆነ ያወቀ ሁሉ እየሳቀ ዝም አለ። ሕዝብን የምሥጢር ተካፋይ ማድረግ ችሎታ ካልሆነ ችሎታ የምንለው ምንድን ነው?

በ1984 ወደ ትልቁ ድርጅት፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ወደነበረው ሄደ። ዋትስ ቦታውን የሚሞላ ሰው ደጋግሞ ፈለገ፤ እንደ እርሱ ያለ አላገኘም። በአዲሱ ቤት ሕዝቡ እዚያም ወደደው፤ ልጆችን ወደ ሪንግ አስወጥቶ አብሯቸው ይጨፍር ነበር። ቀበቶ ግን አንድም ቀን አላጠለቀም።

የ1985ቱን የመጀመሪያውን ረስልማኒያ እንመልከት፤ መጋቢት 31 ቀን፣ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ባላጋራው የሁለተኛው ትልቅ ቀበቶ ባለቤት ግሬግ ቫለንታይን ነው። ቫለንታይን እግሩን ገመድ ላይ አሳርፎ በማጭበርበር አሸነፈ። በዚህ ጊዜ ቲቶ ሳንታና ሮጦ መጥቶ የሆነውን ለዳኛው ነገረ፤ ዳኛውም ግጥሚያው እንዲቀጥል አዘዘ። ቫለንታይን ተቆጥቶ ከሪንግ ወጥቶ ሄደ፤ ዳኛው ቆጠረ፤ ጃንክያርድ ዶግ አሸነፈ ተባለ። ደንቡ ግን በመቁጠር የተገኘ ድል ቀበቶ አያስተላልፍም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አሥራ ስድስት ታጋዮች በአንድ ምሽት የተወዳደሩበትን ውድድር አሸነፈ፤ የፍጻሜውን ግጥሚያ ከራንዲ ሳቬጅ ጋር አድርጎ አሁንም በመቁጠር። ቀበቶ የለበትም። በ1990 በሌላ ድርጅት ሻምፒዮኑን ሪክ ፍሌርን ገጠመ፤ ፍሌር በጥፋት ተሰናብቶ አሸነፈው። አሁንም ቀበቶ የለም። ሦስት ትልልቅ ድሎች፣ ባዶ ወገብ።

የተለመደው መልስ «በሪንግ ውስጥ አይችልም ነበር» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ውስን ነበር፤ እየቆየም ክብደቱ ጨምሮ ፍጥነቱ ቀነሰ። ነገር ግን ሁለተኛውን ጥያቄያችንን እናምጣ፦ ለሌሎቹ የተሰጣቸው በምን መለኪያ ነው? ከጥር 1984 እስከ የካቲት 1988 ዋናውን ቀበቶ የያዘው ሃልክ ሆጋን ነው፤ እርሱም በስልት ብዛት የሚጠቀስ ሰው አልነበረም፤ ሕዝብ በመሳብ እንጂ። በ1987 ሁለተኛውን ቀበቶ ተቀብሎ ከአንድ ዓመት በላይ የያዘው ሆንኪ ቶንክ ማን ጊታር ተሸክሞ የሚያስቅ ሰው ነበር። በ1990 ሆጋንን ያሸነፈው አልቲሜት ዋሪየር ደግሞ ከጃንክያርድ ዶግ ያነሰ ካልሆነ የበለጠ አያውቅም። ለእነዚህ ሁሉ መለኪያው የሕዝብ ፍቅር ሆኖ ሳለ ለአንዱ ብቻ የስልት ፈተና ከቀረበ ፈተናው ቀርቦ የነበረው ለማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ድርጅት በ1987 የሆነው አንድ ነገር ደግሞ አሁንም ይከነክነናል። በሦስተኛው ረስልማኒያ የተሸነፈ ለአሸናፊው እንዲሰግድ ውል ተደርጎ ዘውድ ከጫነው «ንጉሥ» ሃርሊ ሬስ ጋር ገጠመ። ተሸነፈ። ጥቁሩ ሰው ለነጩ ንጉሥ እጅ ነሣ፤ ከዚያ በወንበር መትቶ ካባውን ወስዶ ለበሰ። ሕዝቡ ጮኸ። ድሉ ግን ለሬስ ነው የተመዘገበው።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። ዋናው ቀበቶ ይገባው ነበር አንልም። ሆጋን በዚያ ወንበር ላይ እያለ ለሁለተኛ «አክተር» ቦታ አልነበረም፤ ጃንክያርድ ዶግም በየምሽቱ ረጅም ግጥሚያ የሚችል ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ቀበቶ ግን በመጋቢት 1985 ሊሰጠው ይገባ ነበር። በዚህ ላይ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ የሳንታና ነው፦ ቀበቶውን ቫለንታይን ከእርሱ ወስዶበት ነበር፤ ጉልበቱንም ጎድቶታል፤ እርሱም በሐምሌ ወር መልሶ ወሰደው። ሳንታና የተሻለ ታጋይ ነበር። ይህን አንክድም። ነገር ግን ጥቂት ወራት ቀበቶው በጃንክያርድ ዶግ ወገብ ላይ ቢቆይና ቫለንታይን በማጭበርበር ቢያስመልሰው የሳንታና ታሪክ ምን ይጎድልበት ነበር? እኛ የሚጎድል አላገኘንም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በነሐሴ 1992 በባልቲሞር ሮን ሲመንስ ግዙፉን ቬደርን አሸንፎ በይፋ የታወቀ የመጀመሪያው ጥቁር የዓለም ከባድ ሚዛን ሬስሊንግ ሻምፒዮን ሆነ። ከእርሱ በፊት በ1962 ቦቦ ብራዚል በሪንግ ውስጥ አሸንፎ ነበር፤ በመዝገብ ግን አልተጻፈለትም። ለሲመንስ ቀበቶውን እንዲያገኝ የወሰነው አዘጋጅ ማን መሰላችሁ? ቢል ዋትስ ነው።

ሲልቬስተር ሪተር በሰኔ 1998 በ45 ዓመቱ በሚሲሲፒ በመኪና አደጋ ሞተ። ከልጁ የሁለተኛ ደረጃ ምረቃ እየተመለሰ ነበር። በ2004 ድርጅቱ ስሙን በክብር መዝገቡ ውስጥ አስገባ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በመጪው ዓመት መጀመሪያ «ቀበቶው አይገባውም ነበር» በሚል ርእስ ይህን ጽሑፍ የሚቃወም ሁለት ገጽ ድርሰት ይዘው ይመጣሉ። ሳንታናን ከእኛ በተሻለ የሚከላከል ይጠበቃል።