የበርበሬዬን ማሸጊያ በእንግሊዝኛ ላስጽፈው?

ጥያቄ፦ ቡታጅራ ውስጥ በርበሬ አስፈጭቼ፣ አሽጌ እሸጣለሁ። ለአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ላቀርብ ስለሆነ በማሸጊያውና በሱቄ ሰሌዳ ላይ «ቤስት ኳሊቲ» እና «መቶ ፐርሰንት ኦርጋኒክ» ላስጽፍ አስቤአለሁ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ «ቤስት ኳሊቲ» አይጎዳዎትም፣ አይጠቅምዎትምም። ከወልቂጤ እስከ መርካቶ ሁሉም ሻጭ ስለሚለው ገዢው አያነበውም። «ኦርጋኒክ» ግን ከባድ ቃል ነው፤ ሰብሉ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መመረቱን በምስክር ወረቀት ማሳየት ካልቻሉ እባክዎ ይተዉት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በሰሌዳ ላይ የውጭ ቋንቋ ሲቀላቀልም የአገር ውስጡ እንዲቀድም ወይም ከላይ እንዲሆን ያዛል፤ ስለዚህ አማርኛው ከላይ ይሁን።

ገዢን የሚያሳምነው ጎረቤትዎ ሊለው የማይችለው ነገር ነው። በርበሬው ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያ ከሆነ ስሙን በጉልህ ይጻፉ፤ ማረቆን የሚያውቅ ባለሙያ ሴት ሌላ ማስረጃ አትጠይቅም። በእንግሊዝኛው በኩል «ሰን ድራይድ» ይበሉ፣ በእርግጥ በፀሐይ የደረቀ ከሆነ። የተፈጨበትን ቀን አይርሱ። ጨው ካልገባበትም «ኖ አዴድ ሶልት» የሚለውን ፊት ለፊት ያድርጉት፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ማሸጊያውን አገላብጦ የሚፈልገው እሱን ነው።