ተልባ፣ ሱፍና ኑግ፦ ስለ ምግብነታቸውና ስለ ትምህርት መርጃነታቸው



ስለ ምግብ ዓይነቶች የሚሰጠውን ትምህርት ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንማረው የኖርን ነን። ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እያልን በቃላችን አጥንተነዋል። በጥቁር ሰሌዳና በሥዕል ላይ የሚታዩት ምግቦች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣና ብርቱካን ናቸው። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ነገ ከነገ ወዲያ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ዙሪያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ገብተን ስናስተምር፣ ከፊታችን የተቀመጠው ሕፃን የዚያን ቀን በልቶ የመጣው እንጀራ በተልባ ሊሆን ይችላል። ምሳ ብሎ በፌስታል የቋጠረው ደግሞ የገብስ ቆሎ ይሆናል። ታዲያ ያን ሥዕል አይቶ ምን ይላል? «እኛ ቤት ምግብ የለም ማለት ነው» ቢል ይፈረድበታል እንዴ?

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ ከቤታችን የማይጠፉትን ሦስት የቅባት እህሎች፣ ማለትም ተልባን፣ ሱፍንና ኑግን እንመለከታለን። ዓላማው ስለ ጥቅማቸው ለማወቅ ብቻ አይደለም። የልጁን የቤት ምግብ ሳናስንቅ ሥነ ምግብን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ለማሳየትም ነው።

1. ምንነታቸው

ተልባ ሰማያዊ አበባ ያለው የደጋ ሰብል ነው። በሌሎች አገሮች ከግንዱ ቃጫ እየወጣ ልብስ ይሠራበታል። በእኛ አገር ግን ከጥንት ጀምሮ የሚዘራው ለፍሬው ሲባል ነው። ኑግ መገኛው ኢትዮጵያ ሲሆን፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው ላይ እንኳ «አቢሲኒካ» የሚል ቃል አለበት። ከእኛ ሌላ ሕንድ ውስጥ በብዛት ይመረታል። በመስከረምና በጥቅምት ማሳው ቢጫ ለብሶ የሚታየው ኑግ ከአደይ አበባ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ሱፍም ከዚሁ ቤተሰብ ይመደባል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ዛሬ ብዙ ሰው ሱፍ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ትልቁ፣ ክቡና ቢጫው የፈረንጅ ሱፍ ነው። እናቶቻችን ፍትፍት የሚሠሩበት የጥንቱ ሱፍ ግን ቅጠሉ እሾሃም፣ ፍሬው ነጭና ልጡ ጠንካራ የሆነው ነው።

አካባቢያችን ከእነዚህ ሰብሎች ጋር የቅርብ ትውውቅ አለው። ከቡራዩ አልፎ በአምቦ መንገድ ላይ የሚገኘው የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል በደጋ የቅባት እህሎች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የቆየ ተቋም ነው። የአካባቢው ልጆች ብዙዎቹ በቤታቸው ኦሮምኛ ስለሚናገሩም ተልባን «ታልባ»፣ ኑግን «ኑጊ» ብለው ያውቋቸዋል። ለአስተማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ስሙን ለማስረዳት ደቂቃ አያባክንም።

2. በውስጣቸው ምን አለ?

መቶ ግራም ተልባ ብንወስድ በግምት 18 ግራም ፕሮቲን፣ 42 ግራም ቅባትና 27 ግራም አሰር ይገኝበታል። የሚሰጠው ኃይል 534 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዚየምም አለው። ከቅባቱ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦሜጋ 3 ከሚባሉት ቅባቶች አንዱ የሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። ይህን ቅባት ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በውስጡም 1.6 ግራም ያህል ከዚህ ቅባት ይገኛል። ለአንድ ጎልማሳ ወንድ በቀን የሚመከረው 1.6 ግራም፣ ለሴት ደግሞ 1.1 ግራም ነው። እንግዲህ አስሉት! አንዲት ማንኪያ የቀኑን ትሸፍናለች ማለት ነው።

የኑግና የሱፍ ዘይት በአብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ሌላው አስፈላጊ ቅባት ነው። ኑግ ከክብደቱ ከመቶ 30 እጅ በላይ ዘይት ሲሆን፣ ፕሮቲንም በደህና መጠን ይዟል። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ በሱሉልታና በሰበታ ለሚታለቡት ላሞች ጥሩ መኖ የሚሆነውም ፕሮቲኑ እዚያው ስለሚቀር ነው። ስለዚህ ሰው ኑጉን ወቅጦ ከነሁለመናው ሲበላ፣ ዘይቱንም ላሚቱ የምታገኘውን ፕሮቲንም አብሮ ያገኛል።

3. ሙቀጫው ምን ይሠራል?

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው ቢሆንም ከበስተጀርባው ያለው የወጥ ቤት ዕውቀት ትክክለኛ ነው። ተልባ ምጣድ ላይ ሲታመስ የሚንጫጫው በፍሬው ውስጥ ያለው እርጥበት በሙቀት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ልጡን እየሰነጠቀ ስለሚወጣ ነው። ማመስ ጣዕሙን ያወጣል፣ ለመውቀጥም ያቀለዋል። ከዚህም ሌላ በጥሬ ተልባ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙትን ሳያናይድ ሊያመነጩ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች ይቀንሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው መውቀጥ ነው። የተልባ ልጥ ለስላሳና ጠንካራ ስለሆነ ሳይፈጭ ከተዋጠ አብዛኛው እንዳለ በሆድ ውስጥ አልፎ ይወጣል። ዘይቱና ፕሮቲኑ በልጡ ውስጥ እንደ ተቆለፉ ይቀራሉ። ቁልፉን የሚከፍተው ዘነዘናው ነው። በአጭሩ እናቶቻችን የሚከተሉት ቅደም ተከተል፣ ማለትም መልቀም፣ ማመስ፣ መውቀጥ፣ መንፋትና በውሃ መበጥበጥ፣ እያንዳንዱ ምክንያት ያለው ሥራ ነው። ልማድ ብቻ አድርገን ልናየው አይገባም።

4. አዘገጃጀታቸው

ሀ/ ተልባ፦ ታምሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል፤ በወንፊት ይነፋል። ከዚያ በውሃ ተበጥብጦ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ይገባበትና እንጀራ ይፈተፈትበታል። በማር ተበጥብጦም ይጠጣል። ከተበጠበጠ በኋላ በእሳት ስለማይበስል፣ ውሃው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል።

ለ/ ሱፍ፦ ታጥቦ ለብ ብሎ ከታመሰ ወይም ከተቀቀለ በኋላ ይወቀጣል። በለብታ ውሃ እየታሸ በወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ሲጠለል እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ይወጣዋል። ልጡ ይጣላል። በፈሳሹ ላይ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃርያና ጨው ተጨምሮ የሱፍ ፍትፍት ይሆናል። ቃርያው ለማቃጠል ብቻ የገባ እንዳይመስላችሁ። በጥሬው ሲበላ ቫይታሚን ሲ ስለሚሰጥ፣ ከእህል የሚገኘው ብረት በሰውነታችን እንዲሰርግ ይረዳል።

ሐ/ ኑግ፦ ታምሶ ከጨው ጋር ሲወቀጥ ዘይቱ ወጥቶ እርስ በርሱ ይያያዛል። ከቆሎ ዱቄት ጋር ተለውሶ ጭብጦ ይሆናል፤ ተወቅጦ በውሃ ከተጠለለም ለፍትፍት ያገለግላል።

መ/ ስልጆ፦ የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውሃ ጋር ገንፍቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ታክሎበት ለጥቂት ቀናት እንዲብላላ ይደረጋል። ስልጆ ለትምህርት ሁነኛ ምሳሌ ነው። የቅባት እህሎች ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ክፍል ያንሰዋል፤ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ግን ላይሲን ሞልቷቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የገብስ ቆሎ ከሽምብራና ከሱፍ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀርብም የሚሆነው ይኸው ነው።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ ወተትና ቅቤ ከማይቀምሱ ቤቶች፣ የእነዚህን ቦታ ሸፍነው የኖሩት እነዚህ እህሎች ናቸው። የማይጾመውም ቢሆን ይበላቸዋል።

5. ከሌላው ዓለም ጋር ስናነጻጽር

በዛሬው ጊዜ በውጭ አገር ስለ ሄምፕ ዘር ጥቅም ብዙ ይባላል። ካናዳ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተክሉን በፈቃድ ታመርታለች። በቻይና ዘሩን ቆልቶ መብላት የቆየ ልማድ ነው። ልጡ የተነሣ የሄምፕ ዘር በ100 ግራም ውስጥ 31 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው በዚህ ከተልባ ይበልጣል። በአልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ግን ተልባ ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል። በእኛ አገር ሄምፕ የሚመደብበትን የካናቢስ ተክል ማብቀል በሕግ የተከለከለ ነው። ደግሞስ ምን አስፈለገን? ሌላው ዓለም በሄምፕ የሚፈልገውን ቅባትና ፕሮቲን እኛ ገበያ ወርደን በጣሳ እንሸምተዋለን።

6. ጥንቃቄዎች

ጥቅሙን እንደምንናገር ሁሉ ልኩንም መናገር የአስተማሪ ግዴታ ነው።

ሀ/ እነዚህ እህሎች ሁሉን አይተኩም። ቫይታሚን ቢ 12 የላቸውም፤ ይህ የሚገኘው እንደ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ካሉ የእንስሳት ምግቦች ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ እንቁላል ካለ ለሕፃኑ ይሰጠው። ተልባ አለና እንቁላሉ ይሸጥ አንልም።

ለ/ ተልባ ውሃ ስለሚመጥ ደረቁን መቃም አይገባም። በበቂ ውሃ ካልተወሰደ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መድኃኒቱንና ተልባውን ባንድ ጊዜ ባይወስድ ይሻላል፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያዘገይ ይችላልና።

ሐ/ ተልባ ለሆድ ድርቀት ይረዳል። ጨጓራ ያድናል ብሎ ሐኪም ቤት መቅረት ግን አያዋጣም።

መ/ የተፈጨ ተልባ ቶሎ ይሻግታል። የተልባ ዘይት ለቀለም መበጥበጫ የተመረጠው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ቶሎ ስለሚደርቅ ነው፤ ዱቄቱን የሚያበላሸውም ይኸው ጠባዩ ነው። ስለዚህ ፍሬውን ማስቀመጥ፣ የሚፈጨውን ግን ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ብቻ ማድረግ።

ሠ/ ለትንንሽ ሕፃናት የቆሎና የሱፍ ፍሬ እንዳለ አይሰጥም፤ ያንቃቸዋል።

7. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምርበት?

ቤተ ሙከራ የለም ብሎ ማማረር አያስፈልግም። አንድ እፍኝ ተልባ፣ አንድ እፍኝ ኑግ፣ ጥቂት ስንዴና አንድ ብርጭቆ ይበቃሉ።

አንደኛ፣ ተማሪዎች ኑግና ስንዴ በየተራ በወረቀት ላይ በድንጋይ ይጨፍልቁ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርበው ይመልከቱ። ኑጉ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ይተዋል፤ የስንዴው ግን አይታይም። የቅባት መኖር በዚህ ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ ያልተፈጨ ተልባ በብርጭቆ ውሃ ተዘፍዝፎ ይደር። በማግሥቱ ውሃው ተዝለግልጎ ይገኛል። ይሄ በውሃ የሚሟሟው የአሰር ክፍል ነው። ፍሬው ግን እንዳለ መሆኑን ያስተውሉ። «ሆዳችን ውስጥስ እንዲህ ቢሆን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ሒሳብ። በ100 ግራም ተልባ ውስጥ 18 ግራም ፕሮቲን ካለ በ14 ግራም ውስጥ ስንት ይኖራል? መልሱ 2.5 ግራም ያህል ነው።

አራተኛ፣ ቋንቋ። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እና «ከኑግ ጋር የተገኘ ሰሊጥ አብሮ ተወቀጠ» የሚሉትን ተረቶች ትርጉም ይወያዩበት። በኦሮምኛ የሚያውቁትንም ከየቤታቸው ጠይቀው ይምጡ።

አምስተኛ፣ የቤት ሥራ። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ተልባ ወይም ሱፍ እንዴት እንደሚሠራ እናቱን ወይም አያቱን ጠይቆ ቅደም ተከተሉን ይጻፍ። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ሲነበብ ቅደም ተከተሉን የሠሩት እናት ዕውቀት ለሁሉም ትምህርት ይሆናል። ልጁም ቤቱ ዕውቀት ያለበት ቤት መሆኑን ይረዳል። ከትምህርቱ ሁሉ እኔ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለዚህኛው ነው፤ ምክንያቱም የቤቱን ምግብ የናቀ ልጅ የሚቀረው በባዶ ሆዱ ብቻ አይደለም፣ መጠየቅም ያፍራልና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ተልባ ሳይፈጭ ቢበላ የማይጠቅመው ለምንድን ነው?
2. ስልጆ ውስጥ ባቄላና ሱፍ መገናኘታቸው ምን ጥቅም አለው?
3. በተመደባችሁበት የማስተማር ልምምድ ትምህርት ቤት አካባቢ በብዛት የሚበላው የቅባት እህል የትኛው ነው? እንዴትስ ይዘጋጃል?

የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ከልምምድ ስትመለሱ ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ብትሰጡ፣ ከየአካባቢው የተሰበሰበውን እዚሁ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን አድርገን እናነበዋለን። ለዛሬው በዚህ ይብቃኝ።