ጎደሬና ዓሣ እሳት ሲነካቸው ለምን ይጣፍጣሉ?

በጋምቤላ ክልል የምትኖሩ ገበሬዎችና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሆይ፤ ጥሬ ጎደሬ አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ዳግመኛ አይሞክረውም። ምላስንና ጉሮሮን ያሳክካል፤ ያቃጥላልም። ይህ የሚሆነው በሥሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፥ እንደ መርፌ የሾሉ፥ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባሉ ጥቃቅን ነገሮች ስላሉበት ነው። በማጃንግ ዞን ያለው የጎደሬ ወረዳ ስሙ ከዚሁ ተክል ስም ጋር አንድ ነው፤ ተክሉ ግን ምግብ የሚሆነው ምድጃ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጎደሬውን እስኪለሰልስ ድረስ ቀቅሉት፤ የተቀቀለበትንም ውሃ ድፉት። ውስጡ ገና ጠንካራ ሳለ ከእሳት የወረደ እንደ ሆነ ማሳከኩ አይለቀውም፤ እንዲህ ያለውን ለሕፃን መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ጥሬውን ስትልጡት እጃችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ ከነልጣጩ ቀቅሉና በኋላ ላጡት።

ማሳከኩስ ጠፋ፤ ጣዕሙ ከየት መጣ? በጎደሬ፥ በበቆሎና በማሽላ ውስጥ ስታርች የሚባል ነገር አለ። ጥሬው ስታርች የተጠቀጠቀ ስለ ሆነ ምራቅ ብዙም አይሠራበትም። ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሳንቲግሬድ ሲደርስ ግን ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ ይለሰልሳልም። ያን ጊዜ ምራቅ ወደ ስኳርነት ይለውጠዋል። የተቀቀለ ጎደሬ በቀስታ ብታላምጡ በአፋችሁ ውስጥ እየጣፈጠ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በጥድፊያ የተገነፋ የማሽላ ገንፎም ጥሬ ጥሬ የሚለው ስታርቹ በሚገባ ስላልበሰለ ነው።

የዓሣው ነገር ሌላ ነው። ከባሮ ወንዝ የወጣ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ሲቀቀል ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሲጠበስ ግን ቡናማ ቅርፊት ያወጣል፤ ሽታውም ጎረቤት ይጠራል። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ እዚያ በ98 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያም ቢነድ ቢነድ ሙቀቱ አይጨምርም። ዓሣን የሚያጠይመው ሙቀት ግን ወደ 140 ዲግሪ የሚጠጋ ነው። በዚህ ሙቀት ፕሮቲንና ስኳር ተዋሕደው አዲስ ቀለምና አዲስ መዓዛ ይፈጥራሉ። ይህንንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ሉዊ ካሚይ ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ገልጾታል። ቡና ስትቆሉ የሚሸታችሁም ከዚሁ ነገር የሚገኝ ነው።

እንግዲህ ዓሣውን ከመጥበሳችሁ በፊት ውሃውን አጠንፍፉ፥ በንጹሕ ጨርቅም አድርቁት፤ ርጥብ ከሆነ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ነበልባሉ እስኪወርድና ፍሙ እስኪቀር ጠብቁ፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የከሰለው ክፍል መራራ ነው፤ ለጤናም ስለማይበጅ ፋቁት። ውጭው ቡናማ ሆነ ብላችሁም አትታለሉ፤ በጥሬ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ትላትል ሊኖር ይችላል። ከአከርካሪው አጠገብ ወፍራሙን ሥፍራ ክፈቱና እዩ፤ ሥጋው እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ መሆኑን ትቶ ከነጣና ከአጥንቱ በቀላሉ ከተላቀቀ በስሏል፤ አለዚያ ወደ ፍሙ መልሱት።