ሰውነትን ስለ ማለማመድና ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራ

በብቸናና በሞጣ የምንማር ልጆች ስለ ስፖርት ስንጠየቅ ሁለት መልስ አናጣም። አንደኛው «ስንቅ ተሸክመን ከገጠር የምንመላለስ ሰዎች ምን ስፖርት ያሻናል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ፈተናው ይለፍ» ነው።

የመጀመሪያውን በሒሳብ እንየው። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል፤ በሳምንት 7 ሰዓት መሆኑ ነው። ቅዳሜ የሁለት ሰዓት መንገድ ሄዶ እሑድ ስንቁን ይዞ የሚመለስ ተማሪ 4 ሰዓት ሠርቷል። የቀረውን ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በኪራይ ቤት ተጐንብሶ አያገኘውም።

ለሁለተኛው መልስ የሚሆነው ከቅርባችን ይገኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ጊዮርጊስ ነው። የጐጃም የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ ጸጥ ወዳለ ስፍራ ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል፥ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ቀስ በቀስ ነው። ጊዜ ሲተርፈኝ እቆጥራለሁ የሚል ተማሪ መወድስ አይደርስም።

የዛሬ ተመራማሪዎችም ይህንኑ መርምረዋል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናታቸው 96 ሰዎችን ተከታተሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ አዲስ ሥራ መርጦ፥ እንደ ቁርስ ካለ ከማይቀር ነገር ጋር አያይዞ በየቀኑ ሠራው። ሥራው ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን 66 ቀን ያህል ፈጀ፤ ለአንዳንዱ 18፥ ለአንዳንዱም እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ተገመተ። መስከረም 1 ቀን የጀመረ ሰው 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ይውልለታል። አንድ ቀን ማስታጐል ልማዱን አለማፍረሱም ተገኝቷል፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ደስ የሚል ነው።

እኔም ጠዋት ውሃ ቀድቼ ጀሪካኑን እንዳስቀመጥሁ 10 ደቂቃ ገመድ እዘላለሁ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ዋልካ ስለሆነ እግር ኳስ ይቀራል፤ ገመድ ግን ከጣራ ሥር ይዘለላል። የጭነት ገመድም ይበቃል። በዐቢይ ጾም ልፋቱን ቀንሼ ከምግብ በኋላ ወደ ምሽት አዛውረዋለሁ። ማታ ደግሞ ደብተር ከመግለጤ በፊት ሩብ ሰዓት ክራር እመታለሁ፤ የጐረቤቶቼን ትዕግሥት አመሰግናለሁ።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፤ ይህን ሁሉ ስጽፍ እኅቶቻችንን አስባለሁ። ወንድሙ ኳስ ሲጫወት እርስዋን ምጣዱና እንጨቱ ይጠብቃታል። ድካሟ ለሰውነት እንቅስቃሴ ይበቃ ይሆናል፤ ለሥዕል፥ ለክራር ወይም ለመጽሐፍ የሚሆን የራስዋ ሩብ ሰዓት ግን የላትም። እንጨቱን ወንድሟ በተራ ቢፈልጥ ያ ሩብ ሰዓት ዛሬውኑ ይገኛል።