የትኛው አምፖል ይበልጥ ይበራል? ለማስተማር ልምምድ ለሚወጡ

ከመካከላችን በትምህርት ፋኩልቲ የምትማሩ ለማስተማር ልምምድ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትወጣላችሁ። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ያለበት ትምህርት ቤት የደረሰው ዕጩ መምህር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ላሳይበት?» ብሎ ነው። እኔ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ከዘርፌ አንድ የፊዚክስ ትምህርት ወስጄ፣ ከመሣሪያው ሳይሆን ተማሪው ከሚሳሳትበት ቦታ ብንጀምር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ።

ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች ከአንድ ባትሪ ጋር በሲሪስ፣ ማለትም ተከታትለው በአንድ መስመር ተያይዘዋል። የትኛው ይበልጥ ይበራል? ብዙ ተማሪዎች «የመጀመሪያው» ይላሉ። በእነሱ ሐሳብ ከባትሪው የወጣውን ኮረንት መጀመሪያ ያገኘው አምፖል ይበላዋል፣ ለሁለተኛው የሚደርሰው ትርፉ ነው። ይህ የእኛ አገር ተማሪ ብቻ ስህተት አይደለም፤ የፊዚክስ ትምህርት ተመራማሪዎች በተለያዩ አገሮች ደጋግመው ያገኙት ነው። እንዲህ የሚያስብ ተማሪ የኦምን ሕግ ሸምድዶ ስሌቱን በትክክል ሊሠራ፣ ፈተናውንም ሊያልፍ ይችላል። ሐሳቡ ግን ከነስህተቱ ይቀራል፤ አንዳንዱም ይዞት ዩኒቨርሲቲ ይገባል።

ተማሪ የት እንደሚሰናከል ማወቅ ራሱን የቻለ የመምህር ዕውቀት መሆኑን አሜሪካዊው ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ጽፏል። ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮህለር ደግሞ በ2006 ቴክኖሎጂን ጨመሩበት፤ በትምህርት ፋኩልቲ «ቲፓክ» እየተባለ የሚጠራው የእነሱ ሐሳብ ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ትምህርቱን፣ የማስተማር ዘዴውንና መሣሪያውን ለየብቻ ማወቅ አይበቃም። ፓወር ፖይንት አሳምሮ የሚሠራ ሰው የሲሪስን ትርጉም በሚያምር ስላይድ ሊያቀርብ ይችላል፣ ግን ያ ስላይድ «የመጀመሪያው ይበላዋል» የሚለውን ሐሳብ አይነካውም።

ለዚህ ትምህርት የምመርጠው «ፌት» የተባለውን የማስመሰያ ፕሮግራም ነው። በኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን በነጻ ይገኛል። ከውስጡ የኤሌክትሪክ ሰርኪት መሥሪያውን ክፈቱ። ባትሪውን 9 ቮልት፣ ሁለቱን አምፖሎች እያንዳንዳቸውን 10 ኦም አድርጋችሁ በሲሪስ አያይዙ። ግን ገና አታብሩት! መጀመሪያ እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ከነምክንያቱ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ አጠገቡ ከተቀመጠው ጋር ይከራከር። ግምቱን ያልጻፈ ተማሪ መልሱን ሲያይ «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» ይልና ያልፋል። የጻፈው ግን ከራሱ ወረቀት ጋር ይፋጠጣል።

አሁን አብሩት። ሁለቱም እኩል ይበራሉ። አሜትሩን ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ በሁለቱ መካከል፣ ከሁለተኛው በኋላ አስቀምጡት፤ ሦስቱም ቦታ 0.45 አምፒር ያነባል። ኮረንቱን የበላው የለም። «ታዲያ ባትሪው ለምን ያልቃል?» የሚል ተማሪ ከተነሣ ደስ ይበላችሁ፤ አምፖሉ የሚወስደው ኃይልን እንጂ ኮረንትን እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ በር አታገኙም።

ይህን ሁሉ በእውነተኛ አምፖልና በባትሪ ድንጋይ ማሳየት አይቻልም ወይ? ይቻላል፣ መደረግም አለበት፤ ስክሪን ላይ ብቻ ያየውን «ፊልም ነው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ነገር ግን ከሱቅ የተገዙ ሁለት የባትሪ አምፖሎች ፍጹም እኩል አይደሉም። ደማቁ በአጋጣሚ መጀመሪያ ላይ ከዋለ የተማሪውን ስህተት ራሳችሁ አረጋገጣችሁለት ማለት ነው። መፍትሔው ቦታቸውን መቀያየር ነው፤ ድምቀቱ አምፖሉን ተከትሎ ከሄደ ምክንያቱ አምፖሉ እንጂ ቦታው አይደለም። ማስመሰያውም የራሱ ጣጣ አለው። በሽቦው ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን ኤሌክትሮኖች ወይም በመጽሐፍ የምናውቀውን የኮረንት አቅጣጫ ያሳያል፤ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። የትኛውን እንደምታሳዩ ሳትወስኑ ከገባችሁ ክፍሉ ይደናገራል።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልጨምር። ከ1997 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን «ፕላዝማ» ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር፤ መምህሩ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ነበረው እንጂ ስርጭቱን «ቆይ፣ አልገባቸውም» ብሎ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። መድረሳ የቀራ ሰው ደግሞ ሉሕን ያውቃል። በሉሑ ላይ የተጻፈው ኡስታዙ ፊት ተቀርቶ እስኪስተካከል አይታጠብም፤ የሚቀጥለው ክፍል የሚጻፈው ደረሳው ሲደርስበት ነው። እኔ ሁለቱን ሳወዳድር፣ በዚህ ነገር እንጨቱ ከሳተላይቱ ይሻላል። ስለዚህ ማስመሰያውንም ከግምት በፊት አቁሙት፣ ከጥያቄ በኋላ ቀጥሉት፤ መዳፊቱንም ለተማሪ ስጡት።

ዝግጅቱን ለክፍሉ ቀን አታቆዩት። ፋይሉን በግቢው ዋይፋይ አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙ፣ ከዚያ ኢንተርኔቱን ዘግታችሁ በብሮውዘር መከፈቱን አረጋግጡ። ሁለት ሦስት ጓደኞችን ሰብስባችሁ ትምህርቱን ሞክሩት፤ አንዱ «የመጀመሪያው ይበላዋል» ብሎ ድርቅ የሚል ተማሪ ይሁን። እሱን ያላሳመነ ማብራሪያ ክፍሉንም አያሳምንም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ሰርኪቱን በወረቀት ሥላችሁ፣ አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት አምፖልና ሽቦ በፌስታል ይዛችሁ ግቡ።

ደወል ከመደወሉ በፊት ወረቀቶቹን ከመሰብሰባችሁ አስቀድሞ አንድ አዲስ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሦስት አምፖሎች በሲሪስ ተያይዘው መካከለኛው ቢፈታ የቀሩት ምን ይሆናሉ? «የመጀመሪያው መብራቱን ይቀጥላል» ያሉትን ቁጠሩ። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው ከእነሱ ነው።