ዱባይ፣ የበረሃዪቱ ከተማ

ዱባይ በዐረብ ልሳነ ምድር ጠረፍ፣ በበረሃና በባሕር መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቀድሞ ነዋሪዎቿ የሚተዳደሩት በንግድ፣ ዓሣ በማጥመድና ከባሕር ወለል ሉል በመልቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ነዳጅ ዘይት ከተገኘ ወዲህ ግን መልኳ በፍጥነት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው ቡርጅ ኸሊፋ የተባለው ሕንጻ 828 ሜትር ከፍታ አለው።

በዚህ ውበት የሚደነቅ ጎብኚ ግን ሁለት ነገሮችን ሊዘነጋ አይገባውም። አንደኛ፣ ከተማዪቱ የምትጠጣው በአብዛኛው ጨው የተለየለት የባሕር ውሃ ነው። ሁለተኛ፣ እነዚያን ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች ያቆሙት ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ኢትዮጵያውያንም በከተማዪቱ ሠርተው የሚያድሩ ብዙ ናቸው።

ለጉብኝት የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚበልጥ፣ በእኩለ ቀን በፀሐይ መንከራተት ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ጎብኚው ውሃ መያዝና ራሱን መሸፈን ይኖርበታል። ወደ ዴራ የወርቅ ገበያ ለመሻገር አብራ የምትባለው ጀልባ ርካሽ መጓጓዣ ናት። በከተማዪቱ ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት ያስቀጣል፤ ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሳትም ያስጠይቃል። ወደ መስጊድ የሚገባም ጨዋ ልብስ መልበስ አለበት።

«እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ይባላል። ወንዝ በሌላት በዱባይም ቢሆን ይህ ምክር ይሠራል።

ጥያቄዎች
1. የዱባይ ነዋሪዎች ቀድሞ በምን ይተዳደሩ ነበር?
2. ጎብኚ ሊዘነጋቸው የማይገቡት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
3. የምሳሌያዊ አነጋገሩን ትርጉም በራሳችሁ አባባል ግለጹ።