ዕድሜው የገፋ የኮምፒዩተር ባለሙያና የኮንትራት ሥራ

የዛሬው ትምህርታችን ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይመለከታል። አንደኛው በመሥሪያ ቤት ወይም በባንክ ሃያና ሠላሳ ዓመት በኮምፒዩተር ሥራ ያገለገለ፣ ስድሳ ዓመት ሞልቶት ጡረታ የወጣ ወይም ከዚያ አስቀድሞ ከሥራው የተሰናበተ ባለሙያ ነው። ሁለተኛው በመሳለሚያና በእህል በረንዳ ጥራጥሬና ቅባት እህል በጅምላ የሚነግድ፣ ሒሣቡን በኮምፒዩተር የሚያስይዝ፣ ነገር ግን መሣሪያው በታመመና ሕግ በተለወጠ ቁጥር የሚጨነቅ ነጋዴ ነው። ሁለቱ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይተዋወቁ መቅረታቸው የሁለቱም ኪሣራ ነው።

ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚሄድበት መንገድ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብና ረጅም የሥራ ታሪክ ጽፎ ማስገባት ነው። ይህ መንገድ ለእርሱ ጠባብ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የሥልጠና ዕቅድ ከጀመረ ወዲህ ፕሮግራም መጻፍ የሚማረው ወጣት እየበዛ ነው፤ ወጣቱም በትንሽ ደመወዝ ለመግባት ፈቃደኛ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ባለሙያ ቋሚ ቦታ ለማግኘት ደጅ ከሚጠና ይልቅ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ፣ ዋጋው የተቆረጠ ሥራ ይዞ ወደ ነጋዴው ቢቀርብ ይሻለዋል። አሥር ገጽ የሥራ ታሪክ ለማንበብ ጊዜ ያለው የእህል ነጋዴ እስካሁን አላየንም።

እንግዲህ ይህ ሥራ ምንድን ነው? ዋናው አሮጌውን ነገር በሕይወት ማቆየት ነው። በአገራችን ብዙ የንግድ ድርጅት ሒሣቡን የሚይዘው ፒችትሪ በተባለው የቆየ ፕሮግራም ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚከፈለው የአዳዲስ ፕሮግራም ኪራይ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወዷል። ስለሆነም ነባሩን ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ለነጋዴው ገንዘብ የሚያተርፍ ሰው ነው። በ2017 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1395 ወጥቶ ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው ወለል ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ ደመወዝ በኮምፒዩተር የሚያሰላ ድርጅት ሁሉ ስሌቱን ማስተካከል ነበረበት። ይህ ለሚያውቀው ሰው የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ለማያውቀው ግን የቅጣት ምንጭ ነው።

ሌላው የቀን አቆጣጠር ነው። ኮምፒዩተር በፈረንጅ ቀን ይቈጥራል፤ ነጋዴው ግን ውሉን በሐበሻ ቀን ይጽፋል። ጀማሪ ፕሮግራመር መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ይጽፍና ይሄዳል። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች የ2016 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ቀን ዋለ፤ ከዚያም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ተዛነፈ። ሰሊጥ ለሚልክ ነጋዴ የባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚያበቃበትን ቀን በአንድ ቀን መሳት ሰነዱ ተቀባይነት እንዲያጣ ሊያደርገው ይችላል። ጳጉሜን ደግሞ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ እንደ ገና ስድስት ትሆናለች። ይህን መሰናክል አንድ ሁለት ጊዜ ያለፈበት ሰው ፕሮግራሙን ሲያይ በመጀመሪያ የሚፈትሸው እርሱን ነው።

የአማርኛ ጽሑፍም አለ። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ውሎችና የደንበኛ ዝርዝሮች በዛሬ መሣሪያ ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። ያን ጊዜ የነበረ ሰው መልሶ ያነባቸዋል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ገዥ ፊል መርፊ፣ የሥራ አጦች ድጎማ የሚከፈልበት አሮጌ ኮምፒዩተር በጠያቂ ብዛት ሲጨናነቅ፣ በ1959 የተፈጠረውን የኮቦል ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች እንዲረዱ በይፋ ጠይቀው ነበር።

ሥራውን የሚያገኘው እንዴት ነው ቢባል፣ በመሳለሚያ ሰው የሚታመነው በሚያውቀው ሰው ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ የውጭ ኦዲተሮችንና የሒሣብ ሠራተኞችን ይጠይቅ፤ የማን መዝገብ እንደ ተዘበራረቀ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ጊዜውም ግንቦት ነው፤ ሰኔ 30 ቀን ሒሣብ ሲዘጋና ዕቃ ሲቈጠር ለማዳመጥ ፋታ ያለው የለም። ሲሄድም የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይዞ ይሂድ፤ ደረሰኝ የማይሰጥ ባለሙያ የሚከፈለውን ገንዘብ ነጋዴው በወጪ ማስያዝ ይቸገራልና።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2632 ጀምሮ ስለ እንዲህ ያለው የአእምሮ ሥራ ውል ይደነግጋል። ነጋዴው ግን «ኮንትራት» ብሎ ጽፎ ሰውየውን በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አስቀምጦ እንደ ጸሐፊ ቢያዝዘው፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ ነው ሊባልበት ይችላል። የሥራ ውልም ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መሆኑ ካልተረጋገጠ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይገመታል። ስለዚህ የሚሠራው ነገር ይዘርዘር፤ ሰዓቱን ባለሙያው ራሱ ይወስን።

ክፍያውን በሦስት መክፈል መልካም ነው፤ ሲሦው ሥራው ሲጀመር፣ ሲሦው በነጋዴው ፊት ተሞክሮ ሲታይ፣ የቀረው ሲረከብ። ርክክብ ስንል ወረቀት መፈራረም ብቻ አይደለም። የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ ተጽፈው በታሸገ ፖስታ በነጋዴው ካዝና ይቀመጡ፤ አንድ ሰው ታሞ ወይም ተጣልቶ ሲሄድ መዝገቡ አብሮት የተቈለፈበት ሱቅ ጥቂት አይደለም። ከዚያም የመጠባበቂያው ቅጂ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይከፈት፤ ነጋዴው የትናንቱን ሽያጭ በዓይኑ ካየ በኋላ የመጨረሻውን ሲሦ ይክፈል።